ከኮን የሚላክ ጥያቄ

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሩን በኩል ተልኮ በየካቲት ለንደን ገባ። መንገድ ላይ አልጠፋም፤ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀብሎታል። ከተቀበለው በኋላ ግን መልስ ሳይጻፍለት ከወረቀት መሐል ተቀመጠ። ኢትዮጵያ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው መልእክተኛው በረሃ ላይ ቢቀር፣ ደብዳቤው ምጽዋ ላይ ቢያዝ፣ ወይም ለንደን ደርሶ ቢናቅ ልዩነት የለውም፤ በሦስቱም ጊዜ የሚያየው ያው ዝምታ ነው። ንጉሡ ዝምታውን ንቀት ነው ብለው ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም. ካሜሩን ታሰረ።

ሁለተኛው ሙከራም አልፈጠነም። ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥቲቱን መልስ ይዞ በ1856 ዓ.ም. ክረምት ምጽዋ ደረሰና ወደ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ጠየቀ። አሁን ተራው የእሱ ሆነ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ባሕር ዳርቻው ላይ ሲጠብቅ ከረመ። ንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ኋላ እሱም ታሰረ፣ ነገሩም ከደብዳቤ ወጥቶ ወደ መድፍ ሄደ።

የሰሜን ወሎዋ ዋድላ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ቴዎድሮስ ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ በዋድላ ደጋ አለፉ። የጅጣን ገደል ለማውረድና መልሶ ለማውጣት አለት እየተፈለጠ መንገድ ተሠራ። ጥቂት ቆይቶ ከዙላ የተነሳው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ደጋው ላይ ወጣ፤ ቤተ ሆር ላይ የንጉሡን መንገድ አገኘና በዚያው ተከትሏቸው ወረደ። ጦሩ የቴሌግራፍ ሽቦ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው እየዘረጋ ነበር የመጣው፤ ሽቦው ግን መቅደላ አልደረሰም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ዜናው በእንስሳ ጀርባና በመርከብ ነው የወረደው። የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ዘጋቢ ሄንሪ ስታንሊ ስዌዝ ካለው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጋር አስቀድሞ ተመሳጥሮ ነበርና የእሱ ዘገባ ከሁሉ ቀድሞ ተላለፈ። ወዲያው ከአሌክሳንድሪያ ወደ ማልታ የሚሄደው የባሕር ሥር ገመድ ተበጠሰ፤ የሌሎቹ መልእክት ተራውን እየጠበቀ ቀረ። ንግሥቲቱ መልስ ባለመስጠቷ የተጀመረው ጦርነት ዜናውም በተበጠሰ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሽቦ ለራሷ ለኢትዮጵያ ገባ። የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. ጣሊያኖች ከአስመራ አዲስ አበባ ድረስ በትግራይና በወሎ በኩል የቴሌግራፍ መስመር ዘረጉ። የደጋው ገበሬ ግን ወሬ የሚሰማው እንደ ድሮው በገበያ፣ በአዋጅና በመንገደኛ ነበር። የዋድላ መንገደኛ ደግሞ ብዙ ነው፤ ሀገሩ የቅኔ ሀገር ነውና የቆሎ ተማሪው ለቅኔ ዘረፋ ከሩቅ ይመጣበት ነበር። ለመልእክተኛነት ከዚህ የተሻለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ የሰማውን በቃሉ ይይዛል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ የመንገድ ስንቅም አይጠይቅም፣ ለምኖ ይበላል።

የ1965ቱ የወሎ ረሃብ የዚህን ርቀት ዋጋ አሳየ። ችግሩ ከታች ወደ ላይ አልተነገረም ማለት አይቻልም፤ ተነግሯል። ከላይ ወደ ታች የሚመጣው መልስ ነው የዘገየው። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲያሳይ ብዙ ሰው አልቆ ነበር። ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1977 ጥቅምት፣ ከኮረም የተላከው የቢቢሲ ምስል ያንኑ ደገመው። በሁለቱ ረሃቦች መካከል በደርግ ዘመን ቻይናውያን የወልድያ–ወረታን መንገድ ሠሩ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ‹‹ቻይና መንገድ›› ይለዋል። ላሊበላ የሚገነጠልባት ጋሸናም ሆነች የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ኮን የዛሬ መልካቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ዘመን ነው። መኪና መጣ፤ ከመኪናው ጋር እህል፣ ጋዜጣና ደብዳቤ መጣ።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ እንለፍ።

ጥር 1989 ዓ.ም. ለእኔ ልዩ ወር ነው። በዚያ ወር፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997፣ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ለደንበኞቹ ከፈተ። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የኢሜይል ዕድል የነበረው በዋናነት በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ነበር። በዚያው ወር ደግሞ የዓለም የኢንተርኔት መሐንዲሶች ኤችቲቲፒ 1.1 የተባለውን ስምምነት በሰነድ አወጡ። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለ አፕ ከሩቅ ሰርቨር ጋር ሲነጋገር የሚከተለው ሥርዓት በዚያ ሰነድ ላይ የቆመ ነው። ጥያቄው አድራሻ አለው፤ ምን እንደሚፈለግ የሚናገር ግሥ አለው፤ ከላይ ራስጌ፣ ከሥር ሐተታ አለው። መልሱ ደግሞ ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ 200 ሲሆን ተሳክቷል፣ 201 ሲሆን አዲስ ነገር ተመዝግቧል፣ 401 ሲሆን ማንነትህን አላወቅሁም፣ 404 ሲሆን የፈለግኸው የለም፣ 500 ሲሆን ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ድርጅት የራሱን አገልግሎት ሌሎች አፖች በዚህ መንገድ እንዲጠይቁት ሲከፍት ያ በር ኤፒአይ ይባላል።

ዝምታ ግን ቁጥር የለውም። ሊኖረውም አይችልም፤ ቁጥሩን የሚልከው መላሹ ነው። ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ እኔ እስከማምነው ለእኛ ሀገር ከሰነዱ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ግሦቹን በሁለት ከፈሏቸው። ‹‹ጌት›› አምጣ ማለት ነው፤ ‹‹ፑት›› ይህን እዚህ አስቀምጥ፤ ‹‹ዲሊት›› አጥፋ። እነዚህ አሥር ጊዜ ቢደጋገሙ ውጤታቸው አንድ ጊዜ እንደተባለ ነው፤ ስለዚህ መልስ ያላገኘ ሰው ሳይፈራ ደግሞ መላክ ይችላል። ‹‹ፖስት›› ግን አዲስ ነገር መዝግብ ማለት ነውና ሁለት ጊዜ ከተላከ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። መልስ ሲጠፋ ልድገመው ወይስ ልተወው የሚለው ጭንቀት የሚመጣው በፖስት ላይ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ገባ። በዓመቱ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999፣ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግእዝ ፊደል በዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ቦታ አገኘ። ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ አፕ ለሰርቨር በአማርኛ የሚጽፍበት የጋራ መንገድ አይኖርም ነበር። ቦታው ግን ዋጋ አለው፤ በሰፊው በሚሠራበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ‹‹ኮን›› 6 ባይት ናት። ይቺው ስም በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ከገባች እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚተካ 18 ምልክት ትሆናለች። አጭር የጽሑፍ መልእክትም ያው ነው፤ በላቲን 160 ፊደል የሚችለው በአማርኛ 70 ብቻ ይችላል። ሰው ‹‹ሰላም ነው›› ለማለት የእንግሊዝኛ ፊደል የለመደው ለዘመናዊነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከኪስም ጋር ይያያዛል። ያም መልእክት ቢሆን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል።

በዚያው ዘመን መንግሥት በወረዳ ከተሞች ሳህን እየተከለ ወረዳኔት የተባለውን መረብ ዘረጋ። የሳተላይት መስመር ለደጋ ሀገር ተስማሚ ይመስላል፤ ተራራ አያግደውም። ሳተላይቱ ግን ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ ብርሃን ራሱ ይህን ለመጨረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ገጽ ለመክፈት 20 ጥያቄ ተራ በተራ የሚልክ ፕሮግራም በዚህ መስመር ላይ አሥር ሴኮንድ በመጠበቅ ብቻ ያጠፋል።

ጥያቄና መልስ ለገጠሩ በደንብ ታስቦ የተሠራው፣ በእኔ አስተያየት፣ በባንክ ወይም በታክሲ አፕ ሳይሆን በጤና ሥራ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ፤ የየቤተሰቡን ክትባት፣ እርግዝናና ሕመም በቤተሰብ ማህደር ይመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጤና ሚኒስቴር ይህን ወረቀት ወደ ታብሌት ማዞር ጀመረ። ሥርዓቱ ሲጀመር የቆመው ኮምኬር በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነበር። ኮምኬር፣ ከእሱ ጎን ደግሞ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ኦዲኬ፣ ኦፕንሮዛ የሚባለውን የቅጽ መላላኪያ ስምምነት ይጋራሉ፤ ስምምነቱ ኔትወርክ የለም ብሎ ይጀምራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ እናቲቱ ቤት ቁጭ ብላ ቅጹን ትሞላለች። ቅጹ ሲጠናቀቅ በታብሌቱ ላይ ይቀመጣል፤ ከዓለም ቅጾች ሁሉ የሚለየው የራሱ መለያ ቁጥርም አለው። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርስ ፕሮግራሙ በፖስት ይልከዋል። 201 ከመጣ ተልኳል ተብሎ ከወረፋው ይወጣል። መልስ ካልመጣ ቅጹ ከነመለያው ይቆይና ሌላ ጊዜ ይላካል። ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ተቀብሎት የጠፋው መልሱ ብቻ ከሆነ፣ መለያውን አይቶ ያለኝ ነው ይላል እንጂ አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ወለደች ብሎ አይመዘግብም። መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው፦ መለያውን የሚሰጠው ሰርቨሩ ሳይሆን ላኪው ነው፤ እሱም ከመላኩ በፊት።

የቀን ነገርም አለ። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ቀኑ እንዳለ 13ኛ ወር ተብሎ ከተላከ ሰርቨሩ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። ኦዲኬ በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ያስሞላና ወደ ሰርቨሩ ሲልክ በፈረንጁ ቀይሮ ይልካል። ትክክለኛው ሥፍራም ይኸው ነው፤ ሰው የሚያየው በሀገሩ፣ መስመሩ ላይ የሚሄደው በጋራው።

በዚያው ሰሞን የሞባይል አፕ አሠራር ራሱ እየተለወጠ ነበር። ቀድሞ ለአንድሮይድና ለአይፎን ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች መጻፍ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ፌስቡክ ሪአክት ኔቲቭን ለሕዝብ ለቀቀ፤ በ2018 መጨረሻ ጉግል የፍላተርን የመጀመሪያ ሙሉ እትም አወጣ። አንድ ጊዜ ተጽፎ በሁለቱም ስልኮች የሚሠራ አፕ ለአዲስ አበባ ወጣት ገንቢዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለት ቡድን የመቅጠር አቅም ያለው ጀማሪ ድርጅት ስንት ነው? ወልድያ ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት ለሚማሩትም ያው ነው፤ አይፎን በእጃቸው ሳይኖር ለአይፎን የሚሆን ኮድ ይጽፋሉ።

አንድ ኮድ ማለት ግን አንድ ጠባይ ማለት አይደለም። ጥያቄው ሲላክ ከሥር የሚሠራው የየስልኩ የራሱ መሣሪያ ነው። በአይፎን በኩል የአፕል መሣሪያ መልስ ሳያይ 60 ሴኮንድ ካለፈው በልማድ ተስፋ ይቆርጣል። በአንድሮይድ በኩል ሪአክት ኔቲቭ የመጠበቂያ ገደቡን ዜሮ አድርጎታል፤ ዜሮ እዚህ ‹‹ገደብ የለም›› ማለት ነው። ብዙ ሰው ጥያቄ ለመላክ የሚጠቀምበት አክሲዮስም፣ የፍላተር ሰዎች የሚጀምሩበት የዳርት ኤችቲቲፒ ጥቅልም በልማድ ገደብ አያስቀምጡም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በፋይበር ለሚሞክር ገንቢ ይህ አይታየውም፤ መልሱ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይመጣለታል። ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ግን ክቧ ስትሽከረከር ያያል፤ ካልሰለቸው በስተቀር የሚያስቆማት የለም። የገደብ ቁጥር መጻፍ አንድ መስመር ኮድ ነው። ገደቡ ሲያልፍ ምን ይደረግ የሚለው ነው ሥራው።

ሰዓትም ሌላ ወጥመድ ነው። ስልኩን በሀበሻ ሰዓት ያስተካከለ ሰው ብዙ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሲል የዓለሙ ስምንት ነው። ስድስት ሰዓት የዘገየ ስልክ አሁን የተሰጠውን የመግቢያ ፈቃድ፣ ማለትም ቶክን፣ ‹‹ገና ወደፊት የሚሰጥ›› አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ጊዜው ያለፈውንም እንደሚሠራ ይቆጥረዋል። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ከሆነማ የሰርቨሩ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ያልጸና ይመስለውና ግንኙነቱ ከመጀመሪያው ይቋረጣል። ተጠቃሚው የሚያየው ‹‹ኔትወርክ የለም›› የሚል ጽሑፍ ነው። ውሸት ነው፤ ኔትወርኩ አለ።

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ገንዘብ ሲገባበት የፖስት ጣጣ የእያንዳንዱ ሰው ሆነ። ከፍሎ መልስ ያላየ ሰው ቁልፉን ደግሞ ይጫናል፤ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ የክፍያ ኤፒአዮች የጤናውን ቅጽ ዘዴ በራሳቸው መንገድ ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ቻፓ አፑ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ያልተደገመ የራሱን የማጣቀሻ ቁጥር እንዲልክ ያስገድዳል። ክፍያው ሲያልቅ ደግሞ ዜናውን ለነጋዴው ሰርቨር በቀጥታ ይልካል፤ የገዢው ስልክ በመሐል ቢጠፋም ገንዘቡ የት እንዳለ ይታወቃል። ቁጥሩን ገዢው ቁልፉን በተጫነ ቁጥር አዲስ የሚያወጣ ገንቢ ግን የቻፓን ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ቁጥሩ መወለድ ያለበት ከዕቃው ትእዛዝ ጋር እንጂ ከጣቱ ጋር አይደለም።

ቴሌብር ሦስት ወር ሳይሞላው ሐምሌ 29 ቀን ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ከትግራይ የተነሳው ጦርነት በሰሜን ወሎ ተዛመተ። ጋሸና የቻይና መንገድ መገንጠያ ናትና ደጋግማ የጦር ሜዳ ሆነች። ስልክም መብራትም ጠፋ፤ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከቀሪው ሀገር ተቆርጦ ከረመ። ዘመዱ በሕይወት ይኑር አይኑር የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ወሬ የሚያገኘው በእግር ከወጣ ሰው ነበር። ከዚያ ማግሥት ኔትወርኩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮምም በሀገሪቱ ሥራ ጀምሮ ሁለተኛ ኦፕሬተር ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ተነሳ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው የክልሉ ክፍል ለወራት ተዘጋ።

ወራት ለአፕ ገንቢ ያልተለመደ ቁጥር ነው። መጽሐፎቹ ስለ መቋረጥ ሲናገሩ ሴኮንድና ደቂቃ ያስባሉ፤ ካልተሳካ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ሞክር፣ ከዚያ ከሁለት፣ ከአራት፣ ከስምንት እያልክ አራዝም ይላሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ በላዩም ጥቂት የዘፈቀደ ጊዜ ይጨመርበታል፣ ምክንያቱም መስመሩ ሲመለስ ሁሉም ስልክ በአንድ አፍታ ከጮኸ ሰርቨሩ መልሶ ይወድቃል። ወረፋውም በስልኩ የውሂብ ማከማቻ ውስጥ መጻፍ አለበት እንጂ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው ብቻ ከተያዘ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። አንድሮይድ ወርክማናጀር የሚባል አለው፤ ኔትወርክ ሲመጣ ቀስቅሰኝ ሊባል ይችላል። አይፎንም የራሱ አለው፤ መቼ እንደሚቀሰቅስ ግን ቃል አይገባም።

ከስድስት ወር በኋላ መስመሩ ሲከፈት የሚመጣው ችግር ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ወረፋው ሙሉ ነው፣ መለያዎቹ አሉ፣ ሰርቨሩም ይሠራል። ቶክኑ ነው የሞተው። ብዙ ቶክን በሰዓታት ያልቃል፤ እሱን የሚያድሰው ሁለተኛው ቶክንም በሳምንታት ወይም በወራት ይሞታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄዳል፣ 401 ይመጣል። ብዙ አፕ ደግሞ 401 ሲያይ ማድረግ የለመደው አንድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚውን አስወጥቶ፣ ለደኅንነት በሚል፣ ስልኩ ላይ ያለውን መረጃ በሙሉ ያጸዳል። የስድስት ወር ምዝገባ፣ የነጋዴው ዱቤ፣ የእርጉዞቹ ዝርዝር፣ ኔትወርክ ሳይኖር ተርፎ ኔትወርክ በመጣ በመጀመሪያው ሴኮንድ ይጠፋል። ለደጋ ሀገር የሚጽፍ ገንቢ 401ን የሚይዝበትን ቦታ ከኮዱ ፈልጎ ማግኘት፣ ወረፋውን ከመግቢያው ለይቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ብቻ እንደገና መጠየቅ አለበት።